ገና ከኅዳር ይጀምራል

እናታችን ባረፈች ዓመት ገናን እንደ ልጅነታችን እናክብር ብለን ተነሳን። ታኅሣሥ 27 ገበያ ወጣን፣ በ28 ሽንኩርት ይዘን ተቀመጥን። ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሰን ማዕድ ስንቀርብ ወጡ ጨው በጨው ሆኗል፣ ድፎው መሃሉ ሊጥ ነው፣ ጠላ የለም፣ ልጆቹ ደግሞ ተኝተዋል። ማናችንም አልሰነፍንም ነበር። ስህተታችን እሷ ስድስት ሳምንት ትደክምበት የነበረውን በሁለት ቀን እንጨርሰዋለን ማለታችን ነው። ከዚያ በኋላ አክስቶቻችንን እየጠየቅን፣ በየዓመቱ አንድ አንዱን እያቃናን፣ በአራተኛው ዓመት በዓሉ በእግሩ ቆመ። ባለሙያ እናቱን ያጣ ወይም ከአገር ርቆ ልጆች የሚያሳድግ ሰው ያንን ሁሉ ዓመት እንዳያባክን ነው ይህን መጻፌ።

ሥራውን ከመዘርዘሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። እህትና ወንድሞቼ ተሰብስበን የልጅነት ገናን ስናነሳ የምናወራው ስለ ወጡ ጣዕም አይደለም። አንዱ ቄጠማ መጎዝጎዙን፣ አንዷ ዶሮ ስታጥብ እጇ በሎሚ መንገብገቡን፣ ሌላው በቅርጫ ዕጣ መጣሉን ነው የሚያወራው። ልጅ የሚያስታውሰው የተሰጠውን ሥራ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች በየደረጃው ለልጅ የሚሆነውን ሥራ እየጠቆምኩ እሄዳለሁ፤ እባካችሁ እሱን አትዝለሉት።

መጀመሪያ የቀን ቆጠራውን አስተካክሉ። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል፤ ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ ጾሙ ከነገሃዱ፣ ማለትም ከዋዜማው ጾም ጋር፣ 44 ቀን ይሆናል። በዘመነ ዮሐንስ ግን፣ ማለትም ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው ዓመት፣ ገና ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ ጾሙም ኅዳር 14 ይገባል። በ2016 እንዲህ ነበር፣ በ2020ም እንዲሁ ይሆናል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ላይ ስለሚውል ውጭ አገር ያላችሁ አትሳሳቱም። አገር ቤት ግን በዘመነ ዮሐንስ ጠላውንና ቅርጫውን ለ29 ቆጥሮ በአንድ ቀን የሚዘገይ ቤት አይጠፋም። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይፈሰካልና ለዚያ አትጨነቁ።

ኅዳር ሳይወጣ የሚሠሩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ቅቤ ነው። የበዓል ሰሞን ዋጋው ይወጣል፤ ከዋጋውም በላይ የሚያስፈራው ሙዝና የአትክልት ቅባት እየተቀላቀለበት መሸጡ ነው። ቀደም ብላችሁ ከምታውቁት ሰው ግዙ። ጥቂቱን በትንሽ ድስት አቅልጣችሁ ቀዝቅዞ እንዲረጋ ተዉት፤ ንጹሕ ከሆነ ከላይ ጥርት ያለ ቢጫ ቅባት፣ ከታች ጥቂት አሬራ ብቻ ይወጣዋል። ሥሩ ወፍራም ገንፎ የሚመስል ነገር ከቋጠረ አንድ ነገር ተቀላቅሎበታል። ለአንድ ኪሎ ቅቤ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ኮረሪማ፣ አንድ እፍኝ ኮሰረት፣ ግማሽ እፍኝ በሶብላ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ አብሽ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ይበቃል። እሳቱ ይነስ። አረፋው ጠፍቶ ቅቤው ሥሩን ሲያሳይ አውርዱት፤ አንድ አምስት ደቂቃ ካለፈው ያራል፣ ወጡም ምሬት ይይዛል።

ሁለተኛው የገና ዱላ ነው። ይህ የወንድ ልጆች ሥራ ነበር፤ አሁን ለሁሉም ስጡት። ጫፉ በተፈጥሮው የታጠፈ ወይራ ወይም ሌላ ጠንካራ እንጨት ከተገኘ እሰየው። ካልተገኘ እርጥብ እንጨት ጫፉን በትኩስ ረመጥ ቀብሮ ማለስለስ፣ ቀስ እያሉ ማጠፍ፣ በገመድ አስሮ ጥላ ውስጥ ማድረቅ ነው። ገመዱ ከሦስት ሳምንት በፊት ከተፈታ ዱላው ተመልሶ ይቃናል፤ ኅዳር ላይ መጀመር ያለበትም ለዚህ ነው። ፀሐይ ላይ ከደረቀ ደግሞ ይሰነጠቃል። ርዝመቱ ከልጁ ወገብ እንዳያልፍ። ለትንንሾቹ ሩሩን፣ በዱላው የሚመታውን ኳስ፣ ከእንጨት ሳይሆን ከጨርቅ ጠቅልላችሁ በገመድ ስፉላቸው፤ የእንጨት ሩር ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ቀልድ አይደለም።

ሦስተኛው ቅርጫ ነው። የምትገቡበትን ቡድን አሁን ያዙ፣ ገንዘቡም በሬው ሳይገዛ በፊት ይሰብሰብ። አብዛኛው ጠብ የሚነሳው ቆዳውና ጭንቅላቱ የማን እንደሆነ፣ የአራጁ ክፍያስ ከየት እንደሚወጣ ቀድሞ ስለማይነገር ነው። በሦስት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ለሁሉም አንብቡ።

ጠላው ታኅሣሥ 14 አካባቢ ይጠነሰሳል። የእኛ ቤት መለኪያ ለ20 ሊትር ግማሽ ኪሎ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል፣ አንድ ኪሎ የብቅል ዱቄት፣ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ እህል ነው። ጋኑ በግራዋ ተፈትጎ ይታጠባል፣ ከዚያ በወይራ ይታጠናል። የዘይት ወይም የቅቤ ጠረን የነካው ዕቃ ከሆነ ይቅር፤ ምንም ብታጥኑት አይሆንም። ጌሾው በአምስት ሊትር ያህል ውሃ ሦስት ቀን ይቆያል። ቀጥሎ ብቅሉና ጠቆር ብሎ የተጋገረው ቂጣ ተቆራርሶ ይገባል፤ እንደገና ሦስት ቀን። ከዚያ ተቆልቶ የተፈጨው አሻሮ ገብቶ ድፍድፉ አራት ቀን ያህል ይብላላል። መጨረሻ ላይ ውሃ እስከ አፉ ተሞልቶ፣ አፉ ተለጉሞ ሦስት አራት ቀን ይቀመጣል።

እኛ በሁለተኛው ዓመት ጠላው የከሸፈብን በሁለት ምክንያት ነበር። የመጀመሪያው የታኅሣሥ ብርድ ነው። ደጋ ላይ ሌሊቱ ስለሚበርድ ጥንስሱ ይተኛል፤ ጋኑን ከሲሚንቶ ወለል አንስታችሁ እንጨት ላይ አስቀምጡት፣ በጆንያ ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሉት። ሁለተኛው ከድነነዋል ያልነው አፍ አየር ያስገባ ነበር። ጠላ አየር ካገኘ ይሆመጥጣል፣ ከሆመጠጠ ደግሞ አይመለስም። በፕላስቲክ ሸፍናችሁ፣ ዙሪያውን አስራችሁ፣ ከላዩ ጭቃ ወይም ሊጥ ምረጉበት። የልጆቹ ሥራ ጌሾ መልቀምና ወይራ ማጨስ ነው። ለነሱ መጠጥ አንድ እጅ ማር ለአምስት እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ብርዝ አድርጉላቸው፤ የዚያኑ ዕለት ይጠጣ፣ ካደረ መፍላት ይጀምራል።

አሁን ወደ ዶሮው። ለአንድ የሐበሻ ዶሮ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀይ ሽንኩርት፣ 200 ግራም በርበሬ፣ 250 ግራም የተነጠረ ቅቤ፣ አንድ የቡና ስኒ ዘይት፣ ሁለት ሁለት የሾርባ ማንኪያ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል፣ 12 እንቁላል። ሽንኩርቱ ታኅሣሥ 27 ማታ በቢላ ደቅቆ ይከተፋል። በማሽን አትፍጩት፤ ውሃውን ሁሉ ለቅቆ ከመቁላላት ይልቅ ይቀቀላል፣ ወጡም አንድ የማይጠፋ የጥሬ ሽንኩርት ጠረን ይይዛል። በማግስቱ ያለ ዘይት፣ ያለ ውሃ፣ በመካከለኛ እሳት ላይ ጣዱት። እንዲህ ያለው ብዛት እስኪሟሽሽና ቡናማ እስኪመስል ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ዘይት ቀድሞ ከገባ ሽንኩርቱ ይጠበሳል እንጂ አይሟሟም፤ ወጡም ሲቀርብ ሽንኩርቱ ለብቻው፣ መረቁ ለብቻው ይሆናል።

ከዚያ ዘይቱ፣ ቀጥሎ በርበሬው። በርበሬ ከገባ በኋላ ከድስቱ አትራቁ። ሥሩን በያዘ ቁጥር ትኩስ ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ አንድ ሰዓት ያህል አቁላሉት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ቁሌቱን ያበላሸዋል የሚሉት አክስቶቼ እውነታቸውን ነው፣ የድስቱ ሙቀት በወረደ ቁጥር በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይላል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይከተላሉ።

ጨው ላይ ቆም እንበል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ወጥ ያበላሸው እሱ ነውና። የገና ዶሮ የሚሠራው በገሃድ ዕለት ነው፤ ሠሪዋ ጾመኛ ናት፣ መቅመስ አትችልም። በዚያ ላይ እኛ ቤት ሦስት ሰው በየተራ ጨው ጨመረ፣ አንዱ ሌላውን ሳያይ። ያወጣነው ደንብ ይህ ነው። ጨው የሚነካ ሰው አንድ ብቻ ነው። ሌላው ሰው ድስቱን ያማስላል፣ ጨው ግን አይነካም። ሲቀጥል፣ ቅቤው ሳይገባ ቁሌቱ የጾም ምግብ መሆኑን አስታውሱ። የጾም ሰዓቷ ያለፈላት ሴት በዚህ ጊዜ ትቀምሰዋለች፤ ስለዚህ ዋናው ጨው ከቅቤው በፊት ይገባል። አንድ የሾርባ ማንኪያ አድርጋችሁ ጀምሩ፤ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት ከሆነ እሱም ሊበዛ ይችላል። ከቅቤውና ከዶሮው በኋላ ያለውን ማስተካከያ የሚቀምሰው ገና ሰባት ዓመት ያልሞላውና የማይጾመው ልጅ ነው። የኛ ቤት ትልቁ ሹመት ይህ ነበር። መረቁን በስኒ ማስቀመጫ ላይ አብርዳችሁ፣ በደንብ በእንጀራ አስነክታችሁ አቅምሱት። «ይጣፍጣል?» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ሁልጊዜ አዎ ነው የሚለው። «ከትናንቱ ሽሮ ጨዉ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» በሉት። ሕፃን ሲያነጻጽር አይሳሳትም።

ዶሮው ከታረደና ላባው በፈላ ውሃ ከተነጨ በኋላ የቀረችው ጸጉር በነበልባል ትለበለባለች። ብልቱ 12 ነው፤ መላላጫ፣ እግርና ክንፍ ጥንድ ጥንድ ናቸው፣ ፈረሰኛው በልማድ የአባወራው ነው። በጨውና በሎሚ ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግማችሁ እጠቡት። ልጆቹን በጎድጓዳ ሳህን ዙሪያ አስቀምጣችሁ አሳጥቡ፤ እጁ የተቆረጠ ልጅ ግን ሎሚው ያቃጥለዋልና ለሱ እንቁላል መላጥ ስጡት። ቁሌቱ ከደረሰና ቅቤው ከገባ በኋላ የሐበሻ ዶሮ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይበስላል፤ የፈረንጅ ዶሮ ከ25 ደቂቃ ካለፈ ከአጥንቱ ይለያል። እንቁላሉ ተቀቅሎ፣ ጎን ጎኑ በቢላ ጫፍ ተነክቶ፣ በመጨረሻው አሥር ደቂቃ ከአንድ የሻይ ማንኪያ መከለሻ ጋር ይገባል። ቀድሞ ከገባ እንደ ጎማ ይደርቃል።

ድፎው ለሁለት ኪሎ የስንዴ ዱቄት አንድ ሊትር ከሩብ ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል እርሾ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ ይወስዳል። በታኅሣሥ ብርድ ሊጡ ኩፍ ለማለት ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ ቶሎ እንዲነሳ ብሎ እርሾ መጨመር ግን ዳቦውን ያኮመጥጠዋል፣ ይልቅ ወጡ የተጣደበት ምድጃ አጠገብ አስቀምጡት። ኮባው ከመነጠፉ በፊት በእሳት ላይ ለብ ለብ ይደረግ፤ ያለዚያ ሲታጠፍ ይሰነጠቅና ሊጡ ምጣዱ ላይ ይፈሳል። የኛ ድፎ መሃሉ ያልበሰለው እሳቱን አብዝተን ስለነበር ነው፤ ቅርፊቱ ቀድሞ ጠነከረና ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሳይደርስ ቀረ። በዝቅተኛ እሳት፣ ክዳኑ ተከድኖ፣ አርባ ደቂቃ ላይ ተገልብጦ በጠቅላላው ከአንድ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ይብሰል። ኦቨን ካላችሁ 180 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። በጣት ሲመታ ባዶ ድምፅ ካሰማ ደርሷል። በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ትኩሱን አትቁረሱት።

ቄጠማው በ28 ከሰዓት ይገዛል፣ ውሃ ይርከፈከፍበታል፣ ማታ ይጎዘጎዛል። ይህ ለትንሹ ልጅ ነው። አዛብቶ ቢበትነው ከኋላው እየሄዳችሁ አታስተካክሉበት።

ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ልጆች ከሰዓት በኋላ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይተኙ። እኛ ይህን ባለማድረጋችን በመጀመሪያው ዓመት ጾም ሲፈታ የነቃ ልጅ አልነበረም። ቅዳሴው የሚያልቅበት ሰዓት እንደየደብሩ ይለያያል፤ ቀድማችሁ ጠይቃችሁ ወጡን የሚያሞቀውን ሰው መድቡ። ጧፍ ለያዘ ልጅ ነጠላውን ወደ ኋላ አጣፉለት፤ የጥጥ ነጠላ እሳት ሲነካው ፈጣን ነው፣ በሰልፍ መሃል ደግሞ ከፊት ያለውም ሰው ነጠላ አለ።

ቤት ስትገቡ በቀጥታ ወደ ዶሮው አትሂዱ። 44 ቀን ቅቤ ያልነካው ሆድ በሌሊት ድንገት ሲሞላ ያማል፤ በዓሉን አልጋ ላይ ያሳለፉ ዘመዶች አሉን። ድፎው በአባወራው ወይም በቤቱ ታላቅ ተባርኮ ይቆረስ፣ በተልባ ቀምሳችሁ ጀምሩ፣ ከዚያ አንድ ሁለት ጉርሻ ዶሮ ይበቃል። ዋናው ማዕድ ጠዋት አለ። ሌሊቱ ብርድ ነው ብላችሁ በር መስኮት ዘግታችሁ ከሰል አታቀጣጥሉ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ቡናው ሲፈላም መስኮት ክፍት ይሁን።

ጠዋት የቅርጫው ሰዓት ነው። በሬው ከ10 እስከ 16 መደብ ይወጣዋል፤ ጥሩ መዳቢ ሻኛውንም ጎድኑንም ጉበቱንም ከየዓይነቱ ለእያንዳንዱ መደብ ያዳርሳል። ዕጣው ደግሞ የልጅ ነው። እያንዳንዱ ባለ መደብ ምልክት ይሰጣል፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ሳንቲም፣ አንዱ ቅጠል። መደቡ ሲሠራ ፊቱን አዙሮ የቆመ ልጅ ምልክቶቹን በየመደቡ ላይ ይጥላል፤ የማንን ምልክት የት እንደጣለ ስለማያውቅ ማንም አያኮርፍም። ጥሬ ሥጋ ኮሶ ያመጣልና ለልጆች ጥብስ አድርጉላቸው።

ከሰዓት ሜዳ። ገና ጨዋታ ቁጥር አይገድበውም፣ ሁለት እኩል ወገን ብቻ ይሁን። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እየተባለ ትልቅ ከትንሽ ይጋፋል፤ እናንተ ግን ከአሥር ዓመት በታች ያሉትን ለብቻ አጫውቱ፣ ዱላውም ከጉልበት በላይ አይነሳ። ኳስ የለመዱ ልጆች መጀመሪያ ይሰላቻሉ፤ አባትየው ራሱ ዱላ ይዞ ሲገባ ነው የሚሞቀው።

የገና ዛፍን በተመለከተ፣ በከተማ ያደግን ሰዎች የጽድ ቅርንጫፍ በቆርቆሮ አሸዋ ተክለን ጥጥ በረዶ አስመስለን እንበትንበት ነበር። ልጆቹ ከፈለጉ ይሥሩት፤ ጥጥና ሻማ ግን በፍጹም አንድ ላይ አይሁኑ።

ውጭ አገር ላላችሁ፦ ጃንዋሪ 7 የሥራ ቀን ነውና ፈቃዱን ኅዳር ላይ ጠይቁ፣ የልጆቹንም ትምህርት ቤት አስፈቅዱ። ቁሌቱን ከሁለት ሳምንት በፊት ያለ ቅቤ ሠርታችሁ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ትችላላችሁ፤ ሽታው ለጎረቤት፣ ጭሱ ለማንቂያ ደወሉ እንዳይተርፍ ቅዳሜ ቀን መስኮት ከፍታችሁ ጨርሱት። በኮባ ምትክ የሚሆን የበረደ የሙዝ ቅጠል ከእስያውያን ሱቅ ይገኛል።

በዓሉ በዋለበት ማታ፣ ሳትተኙ፣ ደብተር አውጡና ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደገባ፣ ጨው ስንት ማንኪያ እንደነበር፣ ድፎው ስንት ደቂቃ እንደቆየ ጻፉ። የየልጁንም ሥራ ከስሙ አጠገብ አስፍሩ። ቀማሹ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው መጾም ይጀምራል፣ ሹመቱም ለታናሹ ይተላለፋል። ያን ዓመት እጁ ባዶ እንዳይቀር የጨው ማንኪያውን ስጡት፤ ታናሹ «ያንሳል» ሲል የሚጨምረው እሱ ይሁን።